ኳስ መምታት ይወለዳል ወይስ ይለመዳል?

ክሪኬት በ2028 በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ ይመለሳል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለመጨረሻ ጊዜ በኦሊምፒክ የታየው በ1900 በፓሪስ ሲሆን ያኔ የተደረገው አንድ ግጥሚያ ብቻ ነበር፤ ብሪታንያ ፈረንሳይን አሸነፈች። አሁን በወንዶችም በሴቶችም ስድስት ስድስት ቡድኖች ይሰለፋሉ። በባህር ዳር ከሕንድ መምህራን የተማረው ትውልድ የጨዋታውን ስም ያውቀዋል፤ ወጣቱ ደግሞ በስልኩ ያየዋል። ሲያየውም ቶሎ የሚመጣበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን የሚያህል ፈጣን ኳስ እንዴት ነው የሚያገኙት? መልሱም አብሮ ይመጣል፦ «ዓይናቸው ሌላ ነው፤ ሲፈጠሩ ነው።»

ይኸው ፍርድ በገና ጨዋታ ላይ ሩሯን አየር ላይ ለሚቀልባት ጎበዝም ይሰጣል፤ በሰፈር ሜዳ ላይ ለሚያብረቀርቀው የ12 ዓመት ልጅም እንዲሁ። ክሪኬት ግን ጥያቄውን በደንብ ለመመርመር ይመቻል። የመቺው ሥራ ጠባብ ነው፣ ጊዜው ይለካል፣ ተመራማሪዎችም ለአሥርተ ዓመታት አጥንተውታል። ከጥናቱ የወጣው ውጤት ሁለቱንም ወገን ያስገርማል። የተፈጥሮ ስጦታ የሚመስለው «ፈጣን ዓይን» በአብዛኛው የተለመደ ነገር ነው። የልፋት መለኪያ ተደርጎ የሚቆጠረው የሰዓት ብዛት ደግሞ ከምናስበው ያነሰ ነው የሚናገረው።

መቺው በትክክል ምን እያደረገ ነው?

በሜዳው መሐል 20.12 ሜትር ርዝመት ያለው የተጠቀጠቀ መሬት አለ። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ቋሚ እንጨቶች ይተከላሉ፤ ቁመታቸው 71.1 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስቱ አንድ ላይ የሚይዙት ስፋት 22.86 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ እየሮጠ መጥቶ ክርኑን አጥፎ ሳይዘረጋ፣ ማለትም እጁን እንደቀና አዙሮ፣ ኳሱን ይለቃል። ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ መሬት ነክቶ ይነጥርና ወደ መቺው ይመጣል። መቺው እንጨቶቹ እንዳይመቱ ይከላከላል፤ ሲመቸው ደግሞ ኳሱን አርቆ መትቶ ነጥብ ይሰበስባል።

ኳሱ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፤ ውስጡ ቡሽና ክር፣ ላዩ በስፌት የተያያዘ ቆዳ ነው። ድንጋይ ያህል ይጠነክራል። መምቻው ባት ይባላል፤ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ስፋቱ ቢበዛ 10.8፣ ርዝመቱ ቢበዛ 96.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚሠራው ከአኻያ ወገን ከሆነ ዛፍ ነው። በዓባይ ዳር የሚበቅለው አኻያ የዚያው ወገን ቢሆንም ዝርያው ሌላ ነው። የአኻያ እንጨት የተመረጠው ቀላልም በመሆኑ፣ ሲመታ ቶሎ ባለመሰንጠቁም ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ ይባል። በእግር ኳስ አጥቂ አሥር ሙከራ አበላሽቶ በአሥራ አንደኛው ግብ ቢያስቆጥር ጀግና ነው። በክሪኬት መቺ ግን አንድ ጊዜ ከሳተና እንጨቱ ከወደቀ፣ ወይም የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፣ ለዚያ ዙር ጨዋታው አብቅቷል። ይህ ሕግ ልምምድ እንዴት መሆን እንዳለበትም ይወስናል፤ እንመለስበታለን።

ግማሽ ሰከንድ ለምን ይበቃል?

ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ይወረውራል፤ በሰከንድ 39 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ወርዋሪው ከሚለቅበት መስመር እስከ መቺው መስመር ያለው ርቀት 17.7 ሜትር ያህል ነው። አየሩና መሬቱ ኳሱን ትንሽ ቢያዘገዩትም መቺው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው።

ከዚህ ውስጥ ግን ሁሉንም አይጠቀምበትም። ዓይን አንድ ነገር ካየ በኋላ አንጎል ተረድቶ፣ ጡንቻን አዝዞ፣ የእጅ እንቅስቃሴ እስኪለወጥ ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ፒተር ማክላውድ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1987 ባሳተመው ጥናት ይህን በብልሃት ለክቷል። ምንጣፍ ሥር ቀጫጭን እንጨቶች ደርድሮ ኳሱ ሲነጥር ወዴት እንደሚታጠፍ እንዳይታወቅ አደረገ። መቺዎቹ በሀገር ደረጃ የተጫወቱ ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ ኳሱ ከታጠፈ በኋላ ከ0.2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ምታቸውን ማስተካከል አልቻሉም። ይህ ጊዜ ክሪኬት ነክቶ የማያውቅ ሰውም ያለው ጊዜ ነው።

ስሌቱን እንጨርሰው። በ0.2 ሰከንድ ውስጥ ፈጣኑ ኳስ 7 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሰባት ሜትሮች ላይ ኳሱ ምንም ቢያደርግ ለማንም ዘግይቷል፤ ለዓለም ምርጡም ጭምር። ምቱ የሚወሰነው ኳሱ ገና ሩቅ ሳለ ነው። መቺ የመጣውን ኳስ እየጠበቀ የሚመታ ይመስላል እንጂ የሚመታው ይመጣል ብሎ ያሰበበት ቦታ ላይ ነው።

ይህን ነገር የባህር ዳር ብስክሌተኛ በየቀኑ ያደርገዋል። በዘንባባው ጎዳና ከጎኑ የሚሄድ ባጃጅ ሊታጠፍ ሲል ፍሬቻ ላያበራ ይችላል። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ግን የፊት ጎማዋ ትንሽ ስትሰበር፣ የሾፌሩ ትከሻ ሲያዘነብል፣ ጥግ የቆመ ሰው እጁን ሲያነሳ አይቶ ፍሬኑን አስቀድሞ ይዟል። ብስክሌት ከጀመረ ሳምንት የሆነው ልጅ እነዚያኑ ነገሮች ያያል፤ ትርጉማቸውን ግን አያውቅም። ባጃጇ ከታጠፈች በኋላ ነው የሚደነግጠው። የሁለቱ ልዩነት የዓይን ጥራት እንዳልሆነ ማንም ይመሰክራል።

ታዲያ ዓይናቸው ከእኛ አይበልጥም?

ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ይለያል። ማይክል ላንድና ማክላውድ በ2000 ባወጡት ጥናት ሦስት መቺዎች ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ የሚቀርጽ ትንሽ ካሜራ አደረጉላቸው፤ አንዱ የሙያ ተጫዋች፣ አንዱ ጥሩ አማተር፣ አንዱ ደካማ ነበር። ኳሱ የተተኮሰው በማሽን፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። «ኳሱን አትልቀቀው፤ እስከ መጨረሻው ተከተለው» የሚለው የአሠልጣኞች ምክር በቃል በቃል ሲታይ ትክክል አለመሆኑ ታወቀ። ሦስቱም ኳሱ ሲለቀቅ ካዩት በኋላ ዓይናቸው ኳሱን ጥሎ ይነጥርበታል ወደሚሉት ቦታ ዘለለ፤ እዚያ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀው። ልዩነቱ የመጣው በዝላዩ ጊዜ ነው። ጎበዙ ቶሎ ገምቶ ቶሎ ዘለለ፤ ደካማው ዘገየ።

ሌላ ማስረጃ ከአውስትራሊያ አለ። ዴቪድ ማን ከባልደረቦቹ ጋር ለመቺዎች ሆን ብሎ እይታ የሚያደበዝዙ ሌንሶች አደረገላቸው። ከማሽን ለሚመጣ ኳስ ምታቸው በግልጽ የወረደው ብዥታው እጅግ ከበረታ በኋላ ነው። ከሰው እጅ ለሚመጣ ፈጣን ኳስ ግን ቀለል ባለ ብዥታም ይጎዱ ነበር። ስለዚህ «ማየት አያስፈልግም» የሚል ትርጉም አይሰጠው። ለመደበኛ ሰው የሚበቃ ዓይን ለመቺም ይበቃል ማለት ነው። ማንሱር አሊ ኻን ፓታውዲ በ1961 በመኪና አደጋ የቀኝ ዓይኑን ብርሃን አጣ። ለሕንድ ብሔራዊ ቡድን የተጫወታቸው 46 ቴስቶች በሙሉ ከዚያ በኋላ ናቸው (ቴስት ማለት እስከ አምስት ቀን የሚፈጅ የአገሮች ግጥሚያ ነው)። በ21 ዓመቱ የቡድኑ አምበል ሆነ፤ በአንድ ዙር መቶና ከዚያ በላይ ነጥብ ስድስት ጊዜ አስቆጠረ።

ጎበዙ መቺ ከወርዋሪው ላይ ምን ያነባል?

ዋናው ምስጢር ያለው እዚህ ነው። ተመራማሪዎች ወርዋሪን ከመቺው ቦታ ሆነው በፊልም ይቀርጹና ኳሱ ከእጅ ሊወጣ ሲል ምስሉን ይቆርጡታል። ተመልካቹ ኳሱን ሳያይ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ጀማሪዎች በዕድል ከሚገኘው እምብዛም አይበልጡም። የበቁት ግን ከወርዋሪው ክንድና እጅ ብቻ ብዙውን ያውቃሉ።

የሚያነቡት ነገር ተጨባጭ ነው። እጅ ኳሱን ቀደም ብሎ፣ ገና ከፍ ብሎ ሳለ ከለቀቀ ኳሱ ረጅም ይሆናል፤ ከመቺው እግር አጠገብ ይነጥራል። ዘግይቶ፣ እጁ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ከለቀቀ አጭር ይሆናል፤ ከሩቅ ነጥሮ ወደ ደረት ይነሳል። መጀመሪያው ወደ ፊት መራመድን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ወደ ኋላ መሸሽን። እግሩን በተሳሳተ አቅጣጫ ያንቀሳቀሰ መቺ እጁ የፈለገውን ያህል ፈጣን ቢሆን አይድንም። ኳሱን በእጅ አንጓ የሚያሾር ዝግተኛ ወርዋሪ ሲሆን ደግሞ አንጓው ይታያል። ኳሱ ሲለቀቅ የእጁ ጀርባ ወደ መቺው ከዞረ ኳሱ ከለመደው በተቃራኒ ይታጠፋል። ይህን ለማየት ያለው ጊዜ የሰከንድ ጥቂት መቶኛ ነው። ሆኖም እጁን ሺህ ጊዜ ያየ ሰው እንደ ፊደል ያነበዋል። ፊደል የቆጠረ ሰው «ሀ»ን ሲያይ እያሰበ አይደለም።

አሥር ሺህ ሰዓት የሚባለውስ?

«አሥር ሺህ ሰዓት የተለማመደ ሰው ይበቃል» የሚባለው ነገር የተነሳው ከሙዚቃ ነው። ስዊድናዊው አንደርስ ኤሪክሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎችን አጠና። ምርጦቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው በአማካይ 10,000 ሰዓት ያህል ለብቻቸው ተለማምደው ነበር። «አማካይ» የሚለው ቃል በወሬ መሐል ወደቀ። ከእነዚያው ምርጦች ብዙዎቹ ቁጥሩ ላይ አልደረሱም ነበር። ቁጥሩም እንደተደረሰ በር የሚከፍት ደፍ አይደለም።

በ2014 ብሩክ ማክናማራ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አጥንታ በስፖርት ውስጥ ካለው የችሎታ ልዩነት የልምምድ መጠን የሚያስረዳው 18 ከመቶ ገደማ መሆኑን አሳየች። በ2016 በተደረገው ተከታይ ጥናት በከፍተኛ ደረጃ በሚወዳደሩት መካከል 1 ከመቶ ብቻ ሆነ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ልፋት ዋጋ የለውም» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ቁጥሩ የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። በጣና ዙሪያ ያሉ ጤፍ አራሾችን እናስብ። አንዱ ማሳውን አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ፣ ሌላው አራት ጊዜ አርሷል። እዚህ የምርቱን ልዩነት የእርሻው ብዛት በከፊል ያስረዳል፤ ቀሪውን አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ዘሩ፣ አረሙ ያስረዱታል። አሁን ደግሞ አራት ጊዜ ያረሱትን ብቻ ለይተን እናወዳድር። በእነሱ መካከል እርሻ ምንም ልዩነት አያስረዳም፤ ሁሉም እኩል አርሰዋልና። ይህ ማለት ግን ሳያርሱ ጤፍ ይበቅላል ማለት አይደለም። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ስፖርተኞችም ሁሉም «አራት ጊዜ ያረሱ» ናቸው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

ሰዓት መቁጠር ሌላም ጉድለት አለበት፤ ሁሉንም ሰዓት እኩል አድርጎ ይወስዳል።

ታዲያ የተወለደ ነገር የለም?

አለ። ሰዎች አንድን ነገር በሚማሩበት ፍጥነት ይለያያሉ፤ በእኩል ልምምድ አንዱ በወር፣ ሌላው በዓመት ይደርስበታል። ጅማትና ጀርባ የሚሸከሙት ጫናም ይለያያል። ለዓመታት ሳይጎዱ መለማመድ መቻል ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ማንም ግን «ተሰጥኦ» ብሎ አይጠራውም። ቁመትን በተመለከተ ግን ክሪኬት ለጋስ ነው። ሕንዳዊው ሳቺን ቴንዱልካር 1.65 ሜትር ነው፤ ሱኒል ጋቫስካር ከእሱም ያጥራል። ሁለቱም ከታላላቅ መቺዎች ይቆጠራሉ። ቅርጫት ኳስ ይህን አይፈቅድም።

ቀኝና ግራ እጅም ጉዳይ አለው፤ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። ባት ሲያዝ አንዱ እጅ ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው። ለቀኝ እጅ ሰዎች የተለመደው ቀኙን ከታች ማድረግ ነው፤ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው። በ2016 የወጣ የዴቪድ ማንና የባልደረቦቹ ጥናት ግን የሙያ መቺዎች ጠንካራ እጃቸውን ከላይ የሚያደርጉበት ዕድል ከተራ ተጫዋቾች ሰባት እጥፍ ያህል መሆኑን አገኘ። የላይኛው እጅ ባቱን ይመራል፤ የታችኛው ይገፋል። ቴንዱልካር የሚጽፈው በግራ፣ የሚመታው እንደ ቀኝ ሰው ነው፤ ጠንካራ እጁ ከላይ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ልጅን ባት ከማስያዝ በፊት «ቀኝ ነህ ግራ?» ብሎ ጠይቆ ማቆም ስሕተት ነው። በሁለቱም በኩል ጥቂት ሳምንት ይሞክር።

ከተወለደው ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ ቀድሞ መብሰል። በአንድ የዕድሜ ቡድን ውስጥ ያሉ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች በወራት ሊበላለጡ፣ አጥንታቸውም ጭራሽ በተለያየ ፍጥነት ሊያድግ ይችላል። ቀድሞ ያደገው ኳሱን አርቆ ይመታል፤ «ተሰጥኦ አለው» ይባላል። ይመረጣል፣ ጥሩ አሠልጣኝና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፣ በዚያም ምክንያት በእርግጥ ይበልጣል። ትንሹ ደግሞ ከሜዳ ይቀራል። በብዙ አገሮችና ስፖርቶች የታየ ነገር ነው፤ በታዳጊ ምርጫ ወደ ዓመቱ መጀመሪያ የተወለዱ ልጆች ይበዛሉ። ልጆችን በአንድ ቀን ሙከራ የሚለይ ሰው፣ በባህር ዳርም ይሁን በሙምባይ፣ የሚመርጠው በአብዛኛው ያደገውን እንጂ የሚያድገውን አይደለም። እዚህ ላይ የሚጠፋው ልጅ ስለማይታወቅ ጉዳቱ አይቆጠርም፤ ግን ከባድ ጉዳት ነው።

ብራድማን ምን ተለማመደ?

አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን በቴስት ጨዋታ አማካዩ 99.94 ነው፤ ወርዋሪዎች እስኪያስወጡት ድረስ በአማካይ 100 ነጥብ ገደማ ያስቆጥር ነበር ማለት ነው። ረጅም ዘመን ከተጫወቱት ሁሉ እሱን የሚከተሉት በ60 አካባቢ ናቸው። እንዲህ ያለ ርቀት በሌላ ስፖርት ማግኘት ይቸግራል። «ይሄስ ተፈጥሮ ነው» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሠራዊት የተደረገለት ምርመራ ዓይኑ ደካማ መሆኑን ነው ያሳየው።

ልጅ ሳለ በቦውራል ከተማ በቤታቸው ጓሮ ብቻውን የፈጠረው ጨዋታ ነበረው። የጎልፍ ኳስ የውሃ ታንከር በተቀመጠበት ክብ የጡብ መሠረት ላይ ይወረውራል፤ ተመልሳ ስትመጣ በባት ሳይሆን በአንድ የክሪኬት ቋሚ እንጨት ይመታታል። ዝርዝሩን እንመዝነው። የጎልፍ ኳስ ስፋቷ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የክሪኬት ኳስ 7። የእንጨቱ ውፍረት ከ4 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው፤ የባት ፊት 10.8። ግድግዳው ክብ ስለሆነ ኳሷ በየጊዜው በሌላ አቅጣጫ ትመለሳለች። ርቀቱም አጭር ስለነበር ለማሰብ ጊዜ የለም። ማንም «እንዲህ ያዝ፣ እንዲህ ቁም» አላለውም፤ ኳሷ ራሷ ነበረች የምትነግረው። ይህ ልጅ ሺህ አንድ ዓይነት ኳስ አልመታም። ሺህ የተለያየ ችግር ፈታ።

የቴንዱልካር አሠልጣኝ ራማካንት አቻሬካር ሌላውን ጎን ያዘ። እንጨቶቹ አናት ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጣል። ልጁን ያስወጣ ወርዋሪ ሳንቲሙን ይወስዳል፤ ልምምዱ እስኪያልቅ ማንም ካላስወጣው ሳንቲሙ የልጁ ነው። የሳንቲሟ ዋጋ ትንሽ ናት። ግን በልምምድ ላይ የጠፋውን ነገር መለሰችለት፦ አንድ ስሕተት የሚያስከፍል መሆኑን። ያለ እሷ መቺ በልምምድ ሃምሳ ኳስ ይመታል፣ አምስቱን ይስታል፣ «45 አገኘሁ» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። በጨዋታ ግን በመጀመሪያዋ ስሕተት ወጥቶ ነበር።

የትኛው ልፋት ይሠራል?

ከላይ ያለው ሁሉ እውነት ከሆነ ልምምድ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ የሚነበብ ሰው፣ የሚለዋወጥ ኳስ፣ የሚያስከፍል ስሕተት። በባህር ዳር ውድ ዕቃ ሳይገዛ ሊደረግ ይችላል።

ኳስ። በቆዳው ኳስ አይጀመር። ያለ ራስ ቁር፣ ያለ እግር መከላከያና ያለ ብልት መከላከያ የቆዳ ኳስ ፊት መቆም አጥንት ያሰብራል። የቴኒስ ኳስ ግማሽ ጎኑን ብቻ በኤሌክትሪክ ቴፕ መጠቅለል ይበቃል። ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ጠጉራም ስለሚሆን አየር ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ እንደ እውነተኛው ይፈትናል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ይሳሳል፤ መታጠፉ ትንሽ ያንሳል፣ የተመታው ኳስ ደግሞ ትንሽ ይርቃል።

ሜዳ። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፤ ከሐይቁ ወደ ከተማው እንደማለት ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተሰመረ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ከወርዋሪው እጅ ጀርባ ትሆናለች፤ የሚነበበው ነገር ይጠፋል። ዋልካ አፈር በበጋ ሲጠቀጠቅ ጥሩ ንጥረት ይሰጣል፤ ሲሰነጠቅ ግን ኳሱ በዘፈቀደ ይዘላል። በክረምት ደግሞ መሬቱ ኳሱን ይውጠዋል፤ ሁሉም ኳስ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ መቺው ጉልበቱን አጥፎ መጠበቅን ይለምድና በመስከረም ኳሱ ሲነሳ አገጩ ላይ ያገኘዋል። መፍትሔው ጠንከር ያለ ምንጣፍ ማንጠፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ስለሚነሳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ለልጆች ርቀቱ ወደ 16 ሜትር ይጠር።

አቋቋም። እግሮች በትከሻ ስፋት፣ ጉልበት ላላ፣ ክብደት በእግር መዳፍ ፊት ላይ፤ ራስ ቀጥ፣ ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ደረጃ። ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት ራስ ወደ ጎን መውደቁ ነው። ራስ ከባድ ስለሆነ ሲወድቅ ሰውነት ይከተለዋል፤ ባቱ በቀጥታ መምጣቱ ቀርቶ ኳሱን አቋርጦ ያልፋል። ሁለተኛው ብልሽት የታችኛውን እጅ አጥብቆ መያዝ ነው፤ የባቱ ፊት ይዞርና ኳሱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይቀለባል። ለማረም በታችኛው እጅ አውራ ጣትና ሁለት ጣት ብቻ አስይዞ 12 ኳስ ማስመታት ነው። ሦስተኛው የፊት እግርን ኳሱ ከመለቀቁ በፊት መትከል ነው። ይህ የሚመጣው ከፍርሃት ነው፤ መቺው ማንበብ ስላልቻለ ይገምታል። እግሩን ብቻ ማረም አይጠቅምም፤ ማንበብ ሲማር እግሩ ራሱ ይጠብቃል።

ወርዋሪ። በማሽን ወይም ከቅርብ በሚወረወር ኳስ ብቻ መለማመድ መሠረታዊ ችግር አለው፤ የሚነበብ ክንድ የለም። ጥናቶችም መቺዎች በማሽን ፊት ሲቆሙ የእግራቸውና የባታቸው ጊዜ ከሰው ፊት ሲቆሙ ካለው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ስለዚህ ቢቻል ሦስት አራት ወርዋሪዎች ይፈራረቁ፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዝግተኛ፣ አንዱ ግራ እጅ። አንድ መቺ 24 ኳስ ይጫወትና ይረፍ። ወርዋሪው አጭርና ረጅሙን ቀላቅሎ ይጣል። ሃያ ረጅም፣ ከዚያ ሃያ አጭር ቢጥልለት በዕለቱ መቺው ያማረ ይመስላል፤ ግን የሚመጣውን ስለሚያውቅ ምንም አላነበበም። ሲቀላቀል ብዙ ይስታል፣ ይናደዳል፤ የሚማረው ግን ያኔ ነው። አሠልጣኙም ወላጁም ይህን ታግሠው ማየት አለባቸው።

ጥሪ። መቺው ኳሱ ከእጅ ሲወጣ፣ ሳይነጥር፣ «አጭር!» ወይም «ረጅም!» ብሎ ይጩህ። ጩኸቱ ከንጥረቱ በኋላ ከመጣ ዓይኑ እየዘገየ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን 24 ኳስ ይበቃል።

ዋጋ። የልምምዱ መጨረሻ 12 ኳስ በሳንቲም ሕግ ይሁን። የተሳሳተ ወዲያውኑ ይወጣል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ስልክ። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ ነው። ስልኩን በመቺው ቦታ፣ በዓይኑ ከፍታ (ለአዋቂ 1.6 ሜትር ገደማ) አቁሞ ከተለያዩ ወርዋሪዎች 30 ኳስ መቅረጽ። ከዚያ እያንዳንዱን ኳሱ ከእጅ በሚወጣበት ቅጽበት አቁሞ መቺውን «አጭር ነው ረጅም?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ። ከ30ው 15 ማግኘት ሳንቲም ወርውሮ እንደመገመት ነው። 21ና ከዚያ በላይ ማግኘት ግን ማንበብ መጀመሩን ያሳያል። ከስድስት ሳምንት በኋላ በአዲስ 30 ኳስ ይደገም፤ በአሮጌው ከሆነ መልሱን በቃሉ ይዞታል። ግምቱ ተሻሽሎ ምቱ ካልተሻሻለ ችግሩ ራሱና እግሩ ላይ ነው፤ ወደ አቋቋሙ መመለስ ነው። ምቱ ተሻሽሎ ግምቱ ካልተሻሻለ ደግሞ የለመደው የእነዚያን ወርዋሪዎች ፍጥነት ብቻ ነው፤ ከሌላ ሰፈር አዲስ ወርዋሪ ይጠራለት።